«ኦኬ» ስትል ምን ማለቷ ነው?

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሁለት ፊደል ነው። አዎ፣ ሁለት ፊደል! ከሁለት ፊደል ምን ወሬ ይወጣል እንዳትሉኝ። ሁለት ፊደል የሦስት ዓመት ፍቅር ገደል አፋፍ ላይ አድርሶ ሲያንገዳግድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ጉዳዩን ያመጣችልኝ አንዲት የ25 ዓመት ወጣት ናት። መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ከጓደኛዋ ጋር ሦስት ዓመት አብረው ቆይተዋል። ልጁ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፤ ጉራ የማያውቅ፣ ቁም ነገረኛ ነው ብላኛለች። (ኋላ አግኝቼዋለሁ፤ እውነቷን ነው።) አንድ ማክሰኞ ቀን ረፋዱ ላይ ሰው ተሰልፎባት ቁና ቁና ስትተነፍስ ስልኳ ላይ መልእክት ገባ። «እናቴን አናግሬያታለሁ። አጎቴም ተስማምቷል። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ወደ ቤታችሁ ልልክ ነው። አንቺ ምን ትያለሽ?»

ልቧ ድው አለ። ፊት ለፊቷ አንዲት እናት የስኳር መድኃኒታቸውን ይጠብቃሉ፣ ከኋላቸው አንድ ጎረምሳ «እረ ቶሎ በሉ» እያለ ያጉረመርማል፣ ባለቤቱ ከወዲያ ሆኖ በዓይኑ ይከታተላታል። እሷም እየተንቀጠቀጠች ሁለት ፊደል ነካ ነካ አድርጋ ላከች። «ኦኬ።» ያውም በፈረንጅ ፊደል። አለቀ።

ልጁ ከዚያ ወዲያ ዝም አለ። አንድ ቀን ዝም፣ ሁለት ቀን ዝም... ሦስት ሳምንት ሞላው!

«እኔ እኮ በደስታ ነው ኦኬ ያልኩት!» አለችኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ማታ ይደውልልኛል፣ ያኔ አወራዋለሁ ብዬ ነበር። እሱ ሳይደውል ሲቀር ደግሞ እኔ እንዴት ልደውል? ሽማግሌ ላክልኝ ብዬ ልለምነው?»

እኔ እንግዲህ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ጋዜጣ ላይ መሞነጫጨር የጀመርኩ ሰው ነኝ እንጂ የቋንቋ ሊቅ አይደለሁም። ነገር ግን ነገሩ ከነከነኝ። ይቺ በቀን መቶ ጊዜ ከአፋችን የምትወጣ ቃል ምን ማለት ናት? ከየትስ መጣች? ብዬ መጻሕፍት ማገላበጥ ያዝኩ። ያገኘሁትን ልንገራችሁና ወደ ልጆቹ እንመለሳለን።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ላውጣ። ሃይስኩል ሳለን የእንግሊዝኛ መምህራችን ኦኬ ከጦር ሜዳ የመጣ ቃል ነው ብለው አስተምረውናል። ወታደሮች ከውጊያ ሲመለሱ ከመካከላቸው የሞተ ከሌለ ሰሌዳ ላይ ዜሮና «ኬ» የምትባለዋን ፊደል ይጽፋሉ፤ «ዜሮ ኪልድ»፣ የሞተ የለም እንደ ማለት። ክፍሉ ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ደብተሬ ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ከዚያ በኋላ ስንት ካፌ ውስጥ፣ ስንት ሴት ፊት አዋቂ መስዬ ይህንኑ ተርኬያለሁ መሰላችሁ! ለካስ ተረት ነው።

እውነተኛውን ታሪክ ፈልፍለው ያወጡት አለን ዎከር ሪድ የሚባሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ናቸው። ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የአሮጌ ጋዜጣ ክምር ሲያስሱ ኖረው በ1963 እና በ1964 ውጤቱን «አሜሪካን ስፒች» በተባለ መጽሔት ላይ አወጡ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ በኋላ እንዳንጣላ።)

እናም ኦኬ የተወለደችው የት ይመስላችኋል? ጦር ሜዳም አይደለም፣ ቤተ መንግሥትም አይደለም። እንደዚችው እንደኛ ዓይነት ጋዜጣ ላይ፣ ለዚያውም በቀልድ! ቀኑ ማርች 23 ቀን 1839፣ ከተማው ቦስተን፣ ጋዜጣው ደግሞ «ቦስተን ሞርኒንግ ፖስት» ነው። የጋዜጣው አዘጋጅ ቻርልስ ጎርደን ግሪን «ፀረ-ደወል ማኅበር» ስለሚባል አንድ የቀልደኞች ማኅበር ጉዞ ሲጽፍ የጎረቤት ከተማ ጋዜጠኛን ይተርባል። ትረባው መካከል «ኦ.ኬ.» የሚሉትን ሁለት ፊደላት ሸጎጥ ያደርግና «ሁሉም ልክ» ማለት ነው ብሎ ይፈታቸዋል።

እዚህ ላይ ነው ጨዋታው። «ሁሉም ልክ» በእንግሊዝኛ «ኦል ኮሬክት» ነው። እንግሊዝኛ የቆጠረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው የመጀመሪያው ቃል በ«ኤ»፣ ሁለተኛው በ«ሲ» ነው የሚጀምረው። ታዲያ ኦ እና ኬ ከየት መጡ? ሆን ተብሎ በስህተት ተጽፈው! በዚያ ዘመን የቦስተን አራዶች ቃላትን ማሳጠር ፋሽናቸው ነበር። ማሳጠሩ ብቻ ሲሰለቻቸው ደግሞ አጻጻፉን አበላሽተው ማሳጠር ጀመሩ። «ኦል ራይት» የሚለውን «ኦ.ደብሊው.» ይሉታል፣ «አይሆንም፣ አይሄድም» ለማለት «ኬ.ጂ.» ይላሉ፤ የገባው ይስቃል፣ ያልገባው ይቀራል። ዛሬ ልጆቻችን ስልክ ላይ የሚጻጻፉትን አያችሁት? እናቶቻችን መነጽር አድርገው ቢያነቡት እንኳ አንዲት ነገር አይገባቸውም። ያው ነው። ከመቶ ሰማንያ ዓመት በፊት የነበረ ሙድ ነው።

ቀልድ የሳምንት ዕድሜ ነው ያለው። እነዚያ ሌሎቹ አሕጽሮተ ቃላት ሁሉ ሞተው ተቀብረዋል። ኦኬን ከሞት ያዳናት ምርጫ ነው። በ1840 የአሜሪካው ስምንተኛ ፕሬዚዳንት ማርቲን ቫን ቡረን ለሁለተኛ ጊዜ ሊመረጥ ይወዳደር ነበር። ሰውየው የተወለደው ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ኪንደርሁክ በምትባል ከተማ ነው። ደጋፊዎቹ «ኦልድ ኪንደርሁክ»፣ የኪንደርሁኩ አዛውንት፣ ብለው ይጠሩት ነበርና የቅጽል ስሙ መነሻ ፊደላት ኦ እና ኬ ሆነው ቁጭ አሉ! ወዲያው «የኦ.ኬ. ክለብ» ተቋቋመ። «ቫን ቡረን ኦኬ ነው» ማለት የኪንደርሁኩ ሰው ነው ማለትም ሆነ፣ ሁሉም ልክ ነው ማለትም ሆነ።

ተቃዋሚዎቹ ዝም አሉ እንዴ? በጭራሽ! ከቫን ቡረን በፊት ፕሬዚዳንት የነበረው አንድሩ ጃክሰን መጻፍ ስለማይችል ነው ወረቀት ላይ «ኦል ኮሬክት»ን አበላሽቶ ኦኬ እያለ ሲፈርም የኖረው የሚል ወሬ ነዙ። ውሸት ነበር። ውሸት ግን እግር አለው፤ ብዙ ሰው ለረጅም ዘመን አምኖታል። የምርጫው ውጤትስ? ቫን ቡረን ተሸነፈ። ያሸነፈው ዊልያም ሄንሪ ሃሪሰንም አልታደለም፤ በ1841 ሥልጣን ላይ በወጣ በወሩ ሞተ። ኦኬ ብቻ ቀረች።

ቀጥሎ ቴሌግራፍ መጣ። በቴሌግራፍ መልእክት መላክ ማለት እያንዳንዷን ፊደል በጣት ጠቅ ጠቅ ማድረግ ነው፤ እና አጭር ቃል እንጀራ ነው። ኦፕሬተሮቹ መልእክት ሲደርሳቸው «ኦ ኬ» ብለው ይመልሳሉ። የባቡር ሠራተኞችም ተቀበሏት። ልብ አድርጉልኝ፤ እዚህ ላይ ኦኬ ማለት «ደርሶኛል» ማለት ነው። ደስ ብሎኛል አይደለም፣ ከፍቶኛልም አይደለም። የደረሰው መርዶም ይሁን ምሥራች ኦፕሬተሩን አይመለከተውም። «የላክኸው ደርሶኛል» ነው፣ በቃ። ለዚህ አምድ የፈለግኩት ነገር እዚህ ጋ ነው ያለው፤ እመለስበታለሁ።

የትውልድ ሐረጓን በተመለከተ ሌላ የማይባል ነገር የለም። ቾክታው የሚባሉት የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች «ኦኬህ» የሚል «ነገሩ እንዲህ ነው» ማለት የሆነ ቃል አላቸው፤ ከ1913 እስከ 1921 አሜሪካን የመሩት ፕሬዚዳንት ውድሮው ዊልሰን ይህንን አምነው ወረቀት ሲያጸድቁ በዚያው አጻጻፍ ይጽፉ ነበር። ግሪኮች «ኦላ ካላ» ከሚለው የኛ ቃል ነው ይላሉ፣ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙ ሰዎች ይዘዋት ሄደው ነው የሚሉም አሉ፣ የሃይቲ ወደብ ስም ነው የሚሉም አሉ። አንዱማ ለእርስ በርስ ጦርነቱ ወታደሮች ብስኩት ያቀርብ የነበረ ነጋዴ ስም ነው ይላል። ጦርነቱ የተጀመረው በ1861 ነው እኮ! ያኔ ኦኬ የ22 ዓመት ኮረዳ ነበረች። የኔ መምህር «ዜሮ ኪልድ»ም አብሮ በዚሁ ይወድቃል። ነፍሳቸውን ይማር፤ ጥሩ አስተማሪ ነበሩ።

አሁን ወደ ትርጉሙ እንምጣ። ልጁን ሄጄ ሳነጋግረው (እሷን አስፈቅጄ ነው) የነገረኝን ስሙ። «ያንን መልእክት ሌሊቱን ሙሉ ጻፍኩት፣ ሰረዝኩት፣ ጻፍኩት። ጠዋት ሱቅ ከፍቼ እንደገና ጻፍኩት። ለእናቴ እንኳ አነበብኩላት። እሷ ሁለት ፊደል መለሰችልኝ!» ከዚያ ምን አደረገ? እንደ ወንድ ልጅ ወግ፣ ማኪያቶ ይዞ ጓደኞቹን ሰበሰበ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ።

አንደኛው፦ «በቃ ተስማምታለች ማለት ነው፤ ምን ያስጨንቅሃል?» አለ። ሁለተኛው፦ «አይደለም፣ ኦኬ ብቻ ሲባል ተቆጥታለች ማለት ነው። እኔ ሚስቴ ኦኬ ካለች ቤት አልገባም።» ሦስተኛው ትንሽ እንግሊዝኛ ያውቃል፦ «ስማ፣ ፈረንጅ ምግቡ እንዴት ነው ሲባል ኦኬ ካለ መካከለኛ ነው፣ ይበላል ያህል ነው ማለቱ ነው። አንተን ይበላል ብላሃለች።» ሳቁበት። አራተኛው ደግሞ የባሰውን አመጣ፦ «ሻይ ይጨመርልህ ሲሉት አይ አም ኦኬ ካለ እኮ አልፈልግም፣ ይበቃኛል ማለት ነው።» ልጁ ከዚያች ጠረጴዛ ሲነሳ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር አለኝ።

አስቂኙ ነገር አራቱም ልክ ናቸው! ኦኬ ይህ ሁሉ ናት። ፈቃድ ናት፣ ልማድ ናት፣ መካከለኛ ናት፣ «አልተጎዳሁም» ናት፣ «አልፈልግም» ናት፣ ነገር መጀመሪያ ናት፣ ነገር መዝጊያ ናት። አለቃ ወረቀቱን «ኦኬ አደረገው» ይባላል፣ ቪዛው «ኦኬ ሆነ» ይባላል፣ የወደቀ ሰው ሲነሳ «ኦኬ ነህ?» ይባላል። አለን ሜትካፍ የሚባሉ ሌላ ምሁር በ2010 ስለዚህች ቃል ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ጽፈዋል። ከሐሳባቸው እኔን የያዘኝ አንዱ ነው፤ ኦኬ ነገሩን ትቀበላለች እንጂ ስለ ነገሩ ምን እንደሚሰማህ አትናገርም። ያው የቴሌግራፍ ኦፕሬተሩ ናት።

ለዚህ ነው ማሽን የሚወዳት። ኮምፒዩተርና ስልክ ላይ የምንጫነውን «ኦኬ» አስቡት። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአፕል ኩባንያ ሰዎች «ሊሳ» የሚባል ኮምፒዩተር ሲሠሩ በዚያ ቁልፍ ላይ የጻፉት «ዱ ኢት»፣ ማለትም «አድርገው» የሚል ነበር አሉ። ሞክረው እንዲያዩላቸው የጠሯቸው ሰዎች ግን እየተደናገሩ ይቆማሉ። አንዱ ተናዶ «ይሄ ማሽን ለምን ደደብ ይለኛል?» አለ። ለካስ በዚያ የፊደል ቅርጽ «ዱ ኢት» ሲጻፍ በእንግሊዝኛ ደደብ ከሚለው ቃል ጋር ቁርጥ አንድ ይመስላል! ከዚያ ወዲያ ቁልፉ ኦኬ ተባለ። ስልካችሁን አማርኛ ካደረጋችሁት ደግሞ በዚያ ቦታ የምታገኙት «እሺ» የሚለውን ነው።

እሺ! አያችሁ፣ ማሽኑ ኦኬና እሺ አንድ ናቸው ብሎ ደምድሟል። እኔ ግን አንድ አይደሉም ባይ ነኝ። እሺም እርግጥ ብዙ ፊት አላት። አስተናጋጁ «እሺ፣ ምን ልታዘዝ?» ይላል፤ ቢሮ ሄዳችሁ «እሺ፣ ነገ ተመለሱ» ከተባላችሁ ነገ የሚባለው ቀን እንደማይመጣ ታውቃላችሁ፤ «እሺ እሺ» ተብሎ ከተደገመ ደግሞ ጆሮ አልሰጡህም ማለት ነው። ሆኖም አባቶች «እሺ ይበልጣል ከሺ» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሁሉም በላይ ደግሞ «እሺታ» የሚባል ነገር አለን። «እሺታዋን ሰጠችኝ» ያለ ጎረምሳ ያን ቀን መሬት አይረግጥም፤ ስንት ወር ደጅ የጠናበት ነው! «ኦኬታዋን ሰጠችኝ» ያለ ሰው ግን እስከ ዛሬ ሰምታችኋል? እኔ አልሰማሁም።

በጣት ብንሞክራትስ? አውራ ጣትና ሌባ ጣት ገጥመን ቀለበት የምንሠራት ምልክት የባሰች ናት። ባሕር ጠላቂዎች ውኃ ሥር ሆነው «ደህና ነኝ» ለማለት ይጠቀሙባታል። ጃፓን ውስጥ ገንዘብ ማለት ትሆናለች፣ ፈረንሳይ ውስጥ ዜሮ፣ ዋጋ ቢስ ልትሆን ትችላለች፣ ብራዚል ሄዶ ያሳያት ሰው ግን ስድብ ነው የሰደበው፤ የማይነገር ስድብ! ከ2017 ወዲህ ደግሞ በቀልድ ተጀምሮ አንዳንድ ነጭ ዘረኞች የራሳቸው መለያ አድርገዋታል። ባሕር ማዶ ያላችሁ ፎቶ ስትነሱ ጣታችሁን ጠበቅ አድርጉ ለማለት ያህል ነው።

እስካሁን እያሳቅኩ የመጣሁት የሌላውን ነው። ልጅቷ ፊቴ ተቀምጣ ስታለቅስ ግን ያሰብኩት ስለ እሷ ብቻ አልነበረም።

የ22 ዓመት ልጅ ሳለሁ የምወዳት ልጅ ነበረችኝ። ፒያሳ አካባቢ አንዲት ትንሽ ካፌ ነበር የምንገናኘው። አንድ ቀን ቀድማኝ መጥታ ጠበቀችኝ፤ ወትሮ እኔ ነበርኩ የምጠብቃት። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። «የቤሩቱ ቪዛ ወጣ» አለችኝ። «ሁለት ዓመት ነው። ምን ትላለህ?»

ምን ልላት ነበር? «አትሂጂ» ልላት ነበር። ጉሮሮዬ ላይ መጥቶ ቆመ። ግን እኔ ያኔ ሥራ የለኝም፤ የጠጣነውን ሻይ እንኳ የምትከፍለው እሷ ነበረች። «አትሂጂ» ብላት «እሺ፣ ከዚያስ ምን እናድርግ?» ትለኛለች፣ መልስ የለኝም። «ሂጂ» እንዳልላት ደግሞ አንጀቴ እምቢ አለ። እና ምን አልኩ? «ኦኬ።»

አየችኝ። ረጅም ጊዜ አየችኝ። ከዚያ እሷም «ኦኬ» አለች። ሒሳብ ከፈለች። በሁለት ሳምንቱ ሄደች።

ከዓመታት በኋላ ከዚያው በድምፅ የተቀዳ መልእክት ላከችልኝ። ስድብ የለበትም፣ ወቀሳም አይመስልም፤ ወግ እንደምታወራ ነው። «ያን ቀን ቅሪ ብትለኝ እቀር ነበር። ሂጂ ብትለኝም እኮ ይጠብቀኛል ብዬ ደስ ብሎኝ እሄድ ነበር። አንተ ኦኬ አልከኝ። አውሮፕላን ላይ ሆኜ ኦኬ ምን ማለት ነው ብዬ ሳስብ አደርኩ» አለችኝ። አሁን ትዳር ይዛ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ። ካፌው ግን በዚያ በኩል ሳልፍ ዛሬም መንገድ ያስቀይረኛል።

እንግዲህ በዚህ ልምዴ ነው መድኃኒት ቤቷን ልጅ ያማከርኳት። «ዛሬውኑ ደውዪለት» አልኳት።

«እኔ?»

«አዎ አንቺ። መልእክት አትላኪ፤ ድምፅሽን ይስማ። ድምፅ አይዋሽም።»

«ምን ብዬ?»

«እንዴት እንደተሰማሽ። ልቤ ድው አለ ያልሽኝን፣ እጄ ተንቀጠቀጠ ያልሽኝን፣ ለኔ የነገርሽኝን ለሱ ንገሪው። እኔ ምን ያደርግልኛል?»

አንገራገረች። ጨዋ ሴት ቶሎ እሺ አትልም የሚባለውን አነሳችብኝ። እውነት ነው፣ ወጉ አለ። ሽማግሌም ቢሆን በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ «እናስብበት፣ ተመለሱ» ይባላል፤ ሲመላለሱ ነው ነገሩ ክብር የሚያገኘው። ግን ያ ወግ የቤተሰብ ነው። እዚያ ደረጃ ላይ ሁሉም ሰው «ተመለሱ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል፤ ሽማግሌዎቹም አውቀው ነው ጋቢያቸውን ለብሰው የሚመለሱት። በኦኬ ላይ የተስማማንበት ወግ የለም። አንተ በአንድ ትርጉም ልከህ እሱ በሌላ ትርጉም ይቀበልሃል። ይህንን ነገርኳት። በተለይ የሱን ጓደኞች ጉባኤ ስነግራት፣ ያንን «ይበላል ብላሃለች» ያለውን፣ በእንባዋ መካከል ፍርፍር ብላ ሳቀች።

ለወንዱም ሳልነግረው አልቀረሁም። «አንተስ ብትሆን ሰውዬ፣ እንዲህ ያለ የሕይወት ጥያቄ በጽሑፍ፣ ለዚያውም ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሰው ሥራ ይዞ ሳለ ይላካል? ደግሞስ ኦኬ ስትልህ "የምን ኦኬ ነው?" ብሎ መጠየቅ ሲቻል ከአራት ሰው ጋር ማኪያቶ ይጠጣል?» አልኩት። «ፈርቼ ነው» አለኝ። እንዲህ ፍርጥ አድርጎ ሲናገር ወደድኩት። የደብዳቤ ጸሐፊዎቻችን ብዙዎቹ «ንቃኝ ነው፣ ንቆኝ ነው» ይላሉ እንጂ «ፈርቼ ነው» የሚል በመቶ አንድ ነው የሚገኘው።

ደወለችለት። ምን እንደተባባሉ አልነገሩኝም፤ አልጠየቅኩምም። እሷ ብቻ በማግስቱ አጭር መልእክት ላከችልኝ። ከፍቼ ሳነብ ሳቄ መጣ። «ኦኬ ሆነናል» ይላል። ወዲያው ሌላ ተከተለ፦ «ማለቴ ታርቀናል! በጣም ደስ ብሎኛል!»

ሽማግሌዎቹ የሄዱት ባለፈው እሑድ ነው። የልጅቷ አባት በወጉ ተቀብለው፣ አብልተው አጠጥተው፣ «መልካም፣ እናስብበት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ብለው ሸኟቸው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ልጁ ነው።

«አባትየው እናስብበት አሉ» አለኝ ድምፁ እየተርበተበተ። «ምን ማለታቸው ይመስልሃል?»